ኢኤቲ-26 በጅማ ተማሪዎች ላይ የሚለካው በሽታን ነው ወይስ ጾምን፣ ጉርሻንና ረኀብን?

ጠያቂ፦ የድኅረ ምረቃ ተማሪ፣ ጅማ

ጤና ይስጥልኝ የመድረኩ አባላት።

በጅማ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ዘንድ የአመጋገብ መታወክን የሚመለከት የመመረቂያ ጥናት ፕሮፖዛል በማዘጋጀት ላይ ነኝ። በአእምሮ ጤናም ሆነ በሥነ ምግብ ዘርፍ የሠራችሁ ባለሙያዎች ምክራችሁን እንድትለግሱኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የመረጥሁት መለኪያ እ.ኤ.አ. በ1982 ከታተመ ጀምሮ በብዙ አገሮች የተሠራበት ኢኤቲ-26 የተባለው መጠይቅ ነው። ሃያ ስድስት ዐረፍተ ነገሮች አሉት፤ «ሁልጊዜ» ብሎ የመለሰ ሦስት፣ «አብዛኛውን ጊዜ» ያለ ሁለት፣ «ብዙ ጊዜ» ያለ አንድ ነጥብ ሲያገኝ የቀሩት መልሶች ዜሮ ናቸው፤ ነጥቡ በተገላቢጦሽ የሚሰጠው ለአንዱ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው። ድምሩ 20 እና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ለተጨማሪ ምርመራ ይመራል። ወጪው አነስተኛ፣ አሞላሉም ቀላል በመሆኑ አማካሪዬ አልተቃወሙትም።

ነገር ግን መጠይቁን ለሙከራ ለጥቂት ተማሪዎች ሰጥቼ እያንዳንዱን መልስ ከእነርሱ ጋር ስወያይበት ሐሳብ ላይ የሚጥል ነገር ገጠመኝ። «ሌሎች ሰዎች እንድበላ ይጫኑኛል» ለሚለው አብዛኞቹ «ሁልጊዜ» ብለው መለሱ። አንዲት የዐሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ምክንያቱን ስጠይቃት በመገረም አየችኝና እናቷ «አፈር ስሆን» ሳይሉ፣ አክስቷም «በሞቴ» ብለው ሳያጎርሷት ከማዕድ ተነሥታ እንደማታውቅ ነገረችኝ። መጠይቁ ለዚህ ሦስት ነጥብ ይይዝባታል። «እየራበኝም ከመብላት እቆጠባለሁ» የሚለውን ደግሞ በዐቢይ ጾም ላይ የነበሩ ክርስቲያን ተማሪዎችና ሰኞና ሐሙስን የሚጾሙ ሙስሊም ተማሪዎች ያለ ማመንታት «አብዛኛውን ጊዜ» አሉ። «ምግቤን በትንንሹ እቆራርጣለሁ» የሚለው በእንጀራ ማዕድ ላይ ምን እንደሚለካ ለእኔም ግልጽ አይደለም። እነዚህ ሦስቱ ብቻ ተደምረው አንዲትን ጤነኛ ልጅ ወደ 20 ከሚወስደው መንገድ ከሲሶ በላይ ያስኬዷታል።

መቁረጫ ነጥቡን፣ ማለትም 20ውን፣ ከፍ ባደርገው ችግሩ ይቃለላልን? ወይስ አስቸጋሪ የሆኑትን ዐረፍተ ነገሮች ማውጣት ይሻላል? አንድ መምህር ደግሞ «ይህ የጠገበ አገር በሽታ ነው፤ እዚህ የሚበላው ያጣ እንጂ የቀረበለትን የሚገፋ ልጅ አታገኚም» ብለው ርእሱን እንድለውጥ መክረውኛል። እኔ ግን በጤና ጣቢያ ስሠራ በጨጓራ ስም እየተመላለሱ ክብደታቸው ከወር ወር የሚወርድ ልጃገረዶችን ስላየሁ ምክራቸውን ለመቀበል ተቸግሬአለሁ።

መልስ፦ የአእምሮ ሕክምና ባለሙያ

እኅቴ፣ ርእስዎን እንዳይለውጡ አጥብቄ እመክራለሁ። በሽታው የጠገበ አገር ብቻ ነው የሚለው አመለካከት በአፍሪካም ሆነ በእስያ ከተገኘው ማስረጃ ጋር አይስማማም። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ አንድ ጥናት በሰሜን ምሥራቅ ጋና 668 የሁለተኛ ደረጃ ልጃገረዶችን ተመልክቶ፣ ሌላ ሕመም ሳይኖርባቸው ራሳቸውን ከምግብ በመከልከላቸው ብቻ በእጅጉ የከሱ ዐሥር ልጆች አግኝቷል። ልብ ሊሉት የሚገባው ምክንያታቸውን ነው። በምዕራቡ ዓለም ራስን ከምግብ በመከልከል የመክሳት ሕመም የሆነው የአኖሬክሲያ መለያ ተደርጎ የሚወሰደው የመወፈር ፍርሃት በእነርሱ ዘንድ አልታየም፤ ሁሉም መከልከላቸውን በበጎ የሚያዩት፣ በሃይማኖት የሚያስረዱትና ራስን እንደ መግዛት የሚቆጥሩት ነበር። ከዚያ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1993 ከሆንግ ኮንግ የቀረበ የ70 ሕሙማን ጥናትም ከመካከላቸው 41ዱ መወፈርን እንደማይፈሩ፣ ይልቁንም ስለ ሆድ መነፋትና ስለ ምግብ ፍላጎት ማጣት እንደሚናገሩ አሳይቷል። እርስዎ በጨጓራ ስም የሚመላለሱ ያሏቸውን ልጆች ከዚህ አጠገብ አድርገው ይመልከቷቸው።

በእኛ አካባቢ እንዲህ ያለች ልጅ ወደ አእምሮ ሕክምና የምትደርሰው በብዙ በር ዞራ ነው። መጀመሪያ የጨጓራ መድኃኒት የሆነው ኦሜፕራዞል ይታዘዝላታል፣ ቀጥሎ የሰገራና የአክታ ምርመራ፣ የኤችአይቪና የእንቅርት ዕጢ ምርመራ ይደረግላታል፤ ቤተሰቡ እንደየእምነቱ ጸበል ወይም ሩቅያ ይወስዳታል። ምርመራዎቹ አላስፈላጊ ናቸው ማለቴ አይደለም፤ የከሳን ልጅ የሳንባ ነቀርሳ ሳይመረምሩ ማለፍ በኛ አገር ትልቅ ጥፋት ነው። የሚያሳዝነኝ በዚህ ሁሉ መንገድ ላይ «ከበላሽ በኋላ ምን ይሰማሻል? ምግቡ ቢቀርብልሽ ምን ያስቀርሻል?» ብሎ ለብቻዋ አስቀምጦ የሚጠይቃት ሰው አለመኖሩ ነው። ደጋግሞ የሚያስመልስ ሰው በጣቶቹ መገጣጠሚያ ጀርባ ላይ ጠባሳ፣ በጆሮው ሥር ያበጠ የምራቅ ዕጢ፣ በፊት ጥርሶቹ ውስጠኛ ገጽ ላይ የተበላ ኢናሜል፣ በደሙ ውስጥ ደግሞ ዝቅ ያለ ፖታሲየም ሊታይበት ይችላል። ጥርስ ሐኪም አንዳንድ ጊዜ ከእኛ ቀድሞ የሚያገኘው ለዚህ ነው።

ወደ መጠይቁ ስመለስ፣ መቁረጫ ነጥቡን ከፍ ማድረግ መድኃኒት አይሆንም። ነጥቡን ያበዛው ጉርሻና ጾም ከሆነ፣ ከፍ ያለው ነጥብ በእጅዎ የሚተውልዎ አጥብቀው የሚጾሙትንና ብዙ አክስት ያሏቸውን ልጆች ነው፤ ሕመሟን የምትደብቀው ልጅ ደግሞ ቀድሞውንም ዝቅተኛ ነጥብ ይዛ ታልፍዎታለች። ለምሳሌ ያህል እንዲህ ብለን እናስብ፦ ከ1,000 ተማሪዎች ዐሥሩ በእርግጥ ታመዋል፣ መጠይቁም ከታመሙት መቶ 80ውን ያገኛል፣ ከጤነኞቹ መቶ 90ውን በትክክል ነጻ ያወጣል። ይህ በጣም ጥሩ መለኪያ ነው። ሆኖም ከታመሙት ስምንቱን ሲያገኝ ከ990 ጤነኞች 99ኙን በስሕተት ይጠረጥራል፤ በእጅዎ ከሚገባው 107 ስም በሽተኛው ስምንት ብቻ ነው ማለት ነው። ይህን 107 «የበሽታው ስርጭት 10.7 በመቶ» ብሎ ማተም ምን ያህል እንደሚያሳስት እርስዎ ራስዎ ያዩታል። እንዲህ ያሉ ቁጥሮች በየመጽሔቱ በብዛት ስለሚወጡ ነው ይህን ያህል የማስረዳው።

ስለዚህ ጥናቱ ሁለት ደረጃ ይኑረው። በመጀመሪያው መጠይቁ ይሞላ፤ በሁለተኛው ነጥባቸው ከፍ ያለውን ሁሉ፣ ከዝቅተኞቹም በዕጣ የተመረጡትን፣ የሠለጠነ ሰው ፊት ለፊት ያነጋግር። ዝቅተኞቹን ያላነጋገረ ጥናት መጠይቁ ስንት ሰው እንዳመለጠው ማወቂያ የለውም። በቃለ መጠይቁ ላይ ለእያንዳንዱ መታቀብ ምክንያቱን ይጠይቁ፦ ጾሙ ሲፈታ ትፈታለች ወይስ ትቀጥላለች? ከቤተሰቡ ጋር ታፈጥራለች ወይስ በሰበብ ትቀራለች? ከሌላው ሰው ጋር የሚጾምና ጾሙን መሸሸጊያ ያደረገ ሰው የሚለዩት በዚህ ነው።

በፓስፊክ ውቅያኖስ የደሴት አገር በሆነችው በፊጂ የተደረገው ጥናት የሚጠቀሰው በቁጥሩ ቢሆንም እኔ የማደንቀው በቃለ መጠይቁ ነው። ቴሌቪዥን በገባበት በ1995 እና ከሦስት ዓመት በኋላ በ1998 እ.ኤ.አ. በዚሁ በኢኤቲ-26 በተለኩ ተማሪዎች ዘንድ ከ20 በላይ ያመጡት ከ12.7 ወደ 29.2 በመቶ ከፍ ብለዋል። ሁለቱ ቡድኖች 63 እና 65 ብቻ፣ ልጆቹም የተለያዩ ስለነበሩ ቁጥሩ ብቻውን ብዙ አይሸከምም። ክብደት የሚሰጠው ልጆቹ በአንደበታቸው የተናገሩት ነው፤ በስክሪኑ ላይ እንደሚያዩአቸው ሰዎች መሆንን፣ ቀጭንነትንና ሥራ ማግኘትን አያይዘው አስረድተዋል።

መልስ፦ የሥነ ምግብ ተመራማሪ፣ ጅማ

ከላይ በተሰጠው መልስ ላይ እስማማለሁ፤ ነገር ግን አንድ ትልቅ ጉዳይ አልተነሣም፤ እርሱም ረኀብ ነው።

ጅማ በዚህ ረገድ ከብዙ ከተሞች የተሻለ መረጃ አላት። እ.ኤ.አ. በ2005 የተጀመረው የጅማ ወጣቶች ተከታታይ ጥናት ከ13 እስከ 17 ዓመት የሆናቸውን ከ2,000 በላይ ልጆች የተከታተለ ሲሆን፣ በ2008 ከእርሱ የወጣ ጽሑፍ የምግብ እጥረት ባለባቸው ቤቶች ውስጥ ልጃገረዶች ከወንዶች ይልቅ እጥረቱ እንደሚደርስባቸው አሳይቷል። ይህን ያላገናዘበ የአመጋገብ መታወክ ጥናት በጅማ ሊሠራ አይገባም። «አእምሮዬ በምግብ ሐሳብ ተይዟል» ለሚለው «ሁልጊዜ» ብላ የመለሰች ልጅ ቁርስ ሳትበላ የመጣች ልትሆን ትችላለችና።

ረኀብ በራሱ የሰውን አስተሳሰብ እንዴት እንደሚለውጥ እ.ኤ.አ. በ1944 እና በ1945 በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ በአንሴል ኪስ መሪነት የተደረገው ሙከራ በግልጽ አሳይቷል። ጤነኛ የሆኑ 36 በጎ ፈቃደኛ ወንዶች ለ24 ሳምንታት ምግባቸው ተቀንሶ ክብደታቸው በሩብ ያህል እንዲወርድ ተደረገ። ከመጀመራቸው በፊት ስለ ምግብ ብዙ የማያስቡ የነበሩት እነዚህ ሰዎች የምግብ አሠራር መጻሕፍት መሰብሰብ፣ አንዲቱን ገበታ ለረጅም ሰዓት እየጎተቱ መብላት፣ ከሰው መራቅና መቆዘም ጀመሩ፤ ምግቡ ሲመለስላቸው ደግሞ ከፊሎቹ ከልክ በላይ በልተውም እርካታ አጡ። ማናቸውም መቅጠንን አልፈለጉም ነበር። ከእነዚህ ምልክቶች ብዙዎቹ በኢኤቲ-26 ውስጥ በአንድ ወይም በሌላ መልክ አሉ። ነገሩ በዚህ አያበቃም፤ እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ ቴክሳስ ከምግብ ዕርዳታ ማዕከላት ተጠቃሚዎች ዘንድ የተሠራ ጥናት እጥረታቸው የከፋ ሰዎች ዘንድ ከልክ በላይ የመብላት ምልክት ከፍ ብሎ አግኝቷል። ስለዚህ ድኅነት መጠይቁን ከማሳሳቱም በላይ ለሕመሙ ራሱ መንገድ ሊጠርግ ይችላል። «በድኅነት አገር የለም» ላሉት መምህር ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም።

በተግባር የምመክረው የቤተሰብ የምግብ ዋስትና መለኪያ ከመጠይቁ ጋር አብሮ እንዲሞላ፣ መረጃው የሚሰበሰብበት ቀንም ከጾም ወራት ጋር እንዲመዛዘን ነው። ረመዳንና ዐቢይ ጾም ተቀራርበው በሚውሉባቸው ዓመታት አንድ ወር መጠበቅ ለጥናቱ ትልቅ ትርፍ ነው። ጫትንም አይርሱ። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ከአምፌታሚን ጋር የሚቀራረብ ሲሆን የምግብ ፍላጎትን ያጠፋል፤ ከሰዓት በኋላ ቅሞ እራቱን የሚተው ወጣት «ሆዴ ባዶ ሲሆን ደስ ይለኛል» ሊል ይችላል። ሲቅም ብቻ ነው የሚተወው ወይስ ላለመብላት ሲል ይቅማል? ሁለተኛው ዓይነት ካለ ለጅማ የተለየ ግኝት ይሆናልና በቃለ መጠይቅዎ ውስጥ ቦታ ይስጡት።

ሌላው፣ በአንድ ትሪ ዙሪያ ተሰብስቦ በሚበላ ቤት ውስጥ ማን ምን ያህል እንደ በላ መናገር አስቸጋሪ ነው። እጇን ወደ ትሪው እየሰደደች ለታናናሾቿ የምታጎርስ ልጅ ለሚያያት በደንብ የበላች ትመስላለች። እናቶችን «ልጅዎ በቂ ትበላለች?» ብሎ መጠየቅ ስለዚህ አይበቃም፤ ቁመትና ክብደት ይለካ፣ ከተቻለም ከጥቂት ወራት በኋላ ይደገም።

ጠያቂ

ለሁለታችሁም ምስጋናዬ ከልብ ነው። ሁለት ደረጃ ያለውን አሠራር እቀበላለሁ፤ የምግብ ዋስትና መለኪያውንም እጨምራለሁ። ሁለት ነገር ልጠይቅ። አዋቂዎችን ጭምር ባካትት ጥናቱ ይጠናከራል ወይስ ይበተናል? እንዲሁም በቃለ መጠይቁ ወቅት በእርግጥ የታመመች ልጅ ባገኝ የእኔ ድርሻ እስከ ምን ድረስ ነው?

መልስ፦ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት

እኔ የጤና ባለሙያ ባልሆንም በየቀኑ ከእነዚህ ልጆች ጋር ስለምውል አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ክብደት በክፍል ውስጥ፣ ጓደኞች ተሰልፈው እያዩ፣ ቁጥሩም ጮክ ተብሎ እየተነገረ እንዳይለካ እለምንዎታለሁ። ከዚህ ቀደም በአንድ ትምህርት ቤት ለሌላ ጥናት በዚህ መንገድ ሲለካ አይቼ፣ አንዲት ልጅ ከዚያ በኋላ በቁጥሩ ስም ስትጠራ ከርማለች። ለብቻ ክፍል ይዘጋጅ፣ ልጂቱም ከፈለገች ጀርባዋን ለሚዛኑ ሰጥታ ትቁም።

ወንዶቹንም አይተዋቸው። በእኛ ዘመን «ወፈርሽ» መባል ምርቃት ነበር፤ አሁን ሴቶቹ በስልካቸው የሚያዩት መልክ ሌላ ነው፣ ወንዶቹ ደግሞ ጡንቻ ለማውጣት እንቁላልና የፕሮቲን ዱቄት ብቻ እየቆጠሩ ከቤት ማዕድ የሚለዩ አሉ። ስለ መቅጠን ብቻ የሚጠይቅ መጠይቅ እነዚህን አያያቸውም።

መልስ፦ የአእምሮ ሕክምና ባለሙያ

የመምህርቷን ማሳሰቢያ ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ።

አዋቂዎችን በተመለከተ፣ ለመመረቂያ ጥናት ባይቀላቅሏቸው ይሻላል፤ ጥያቄያቸው ሌላ ነውና። በአዋቂዎች ዘንድ በስፋት የሚገኘው እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ የአእምሮ ሕመም ምርመራ መመሪያ በዲኤስኤም-5 ራሱን የቻለ ምርመራ ሆኖ የተመዘገበው፣ ሳያስመልሱ ከልክ በላይ የመብላት መታወክ ሲሆን ኢኤቲ-26 እርሱን ለመለየት የተሠራ አይደለም። በነፍሰ ጡር እናቶች ዘንድ የምናየው አፈርና አመድ የመብላት ልማድ ደግሞ ፒካ በሚባለው ሥር የሚታይ ነው፤ ከደም ማነስ ጋር አብሮ ስለሚገኝ የሄሞግሎቢን ምርመራ ያስፈልገዋል፣ በአካባቢው ባህል የተለመደ ከሆነም ወዲያው መታወክ ተብሎ አይመዘገብም። ለብቻው የሚጠና ሰፊ ርእስ ነው።

የታመመች ልጅ ሲያገኙ ግን ተመራማሪነትዎ ወደ ኋላ ይቅርና ጤና ባለሙያነትዎ ይቅደም። አኖሬክሲያ ከአእምሮ ሕመሞች ሁሉ በገዳይነቱ ከፊት ከሚሰለፉት አንዱ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2011 የተሠራ የብዙ ጥናቶች ማጠቃለያ ከሚሞቱት ከአምስት አንዱ ራሱን በማጥፋት እንደሚሞት አሳይቷል። ስለዚህ ስለ ራስ ማጥፋት ሐሳብ በግልጽ ይጠይቁ፤ መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልም። የልብ ምቷ በደቂቃ ከ50 በታች የሆነ፣ ስትነሣ የምትወድቅ፣ ወይም በአጭር ጊዜ ብዙ የከሳች ልጅ ለሳምንት ቀጠሮ አትሰጥም፤ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ትሂድ።

እዚያ የሚያክሟትም ሰዎች አንድ ነገር እንዲያስታውሱ በሪፈር ወረቀቱ ላይ ይጻፉላቸው። ለረጅም ጊዜ የተራበ አካል በአንድ ጊዜ ብዙ ምግብ ወይም ግሉኮስ ሲሰጠው በደም ውስጥ ያለው ፎስፌት፣ ፖታሲየምና ማግኒዥየም በድንገት ይወርዳል፣ ልብም ሊቆም ይችላል። የኛ ነርሶች ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል፤ በከፋ የምግብ እጥረት የተጎዳን ሕፃን ቀለል ባለው የሕክምና ወተት በኤፍ-75 አረጋግተው ነው ጠንከር ወዳለው ወደ ኤፍ-100 የሚያሸጋግሩት። የዐሥራ ሰባት ዓመቷን ልጅ ግን ሆስፒታል የደረሰችበት ምክንያት «አልበላም ማለት» ስለሆነ ያው ጥንቃቄ ሲዘነጋ ይታያል። ምግቡ በጥቂቱ ይጀመር፣ ታያሚን (ቫይታሚን ቢ1) አስቀድሞ ይሰጥ፣ የደም ማዕድናቱም በየቀኑ ይታዩ።

ከዚያ በኋላ ላለው ሕክምና ለወጣቶች ጠንካራ ማስረጃ ያለው በቤተሰብ ላይ የተመሠረተው ነው፤ ወላጆች ለጊዜው የልጃቸውን ምግብ ሙሉ በሙሉ ይረከባሉ፣ ክብደቷ ሲመለስ ቀስ በቀስ ያስረክቧታል። እ.ኤ.አ. በ2010 በ121 ወጣቶች ላይ የታተመው የተመራማሪው የሎክና የባልደረቦቹ ሙከራ ሕክምናው ባበቃ በዓመቱ ሙሉ በሙሉ ያገገሙት በዚህ መንገድ የታከሙት 49 በመቶ፣ ለብቻቸው የታከሙት 23 በመቶ መሆናቸውን አሳይቷል። በጅማ ቤተሰብ አብሮ የሚበላ በመሆኑ ይህ ሕክምና የሚያርፍበት መሠረት አለ፤ ወላጆቹን የሚያስተምር ባለሙያ ግን ያስፈልጋል። ከልክ በላይ በልቶ የማስመለስ ሕመም ለሆነው ለቡሊሚያ ደግሞ ከንግግር ሕክምናው ጋር የድብርት መድኃኒቱ ፍሉኦክሰቲን በቀን እስከ 60 ሚሊ ግራም ይሰጣል፤ አኖሬክሲያ ያለባትን ልጅ ክብደት ይመልሳል ብሎ መጠበቅ ግን አይገባም።

አንድ የመጨረሻ ተግባራዊ ነገር። ለሥነ ምግባር ኮሚቴው ከሚያቀርቡት ሰነድ ጋር ልጆቹን የሚቀበለው የሕክምና ክፍል የጻፈው የስምምነት ደብዳቤ ይያያዝ፤ ተቀባዩ ሰው በስም፣ ስልኩም በሥራ ሰዓትና ከሥራ ሰዓት ውጭ ተለይቶ ይጻፍ። ከ18 ዓመት በታች ላሉት የወላጅ ፈቃድ ሲጠየቅ፣ ለሕይወት የሚያሰጋ ነገር ከተገኘ ምሥጢሩ ለወላጅ እንደሚነገር ለልጂቱም ለወላጇም አስቀድሞ ይገለጽ። ይህ ደብዳቤ ሳይፈረም አንድም መጠይቅ አይበተን።

ጠያቂ

ደብዳቤውን በዚህ ሳምንት አቀርባለሁ። የመረጃ መሰብሰቢያውንም ጊዜ ከጾም ወራት ውጭ እንዲሆን አዛውሬዋለሁ። የቃለ መጠይቁን ረቂቅ ሳጠናቅቅ፣ በተለይ ስለ ጫትና ስለ ጾም ምክንያት የሚጠይቀውን ክፍል፣ እንድታርሙልኝ እዚሁ አወጣዋለሁ።